አልወጣባትም ብዬ የማልኩባት ሞተር

ለውድ ወንድሜ፣ ለወንድምዓለም፤

እንደምን ሰነበትክ? ደህና ነህ ወይ? ጤናህስ እንዴት ነው? ከባሕሩ ነፋስ፣ ከመርከቡ የሞተር ክፍል ሙቀት ጋር እንዴት ተስማማህ? ያቺ የተሰበረች እግርህ፣ ብርድ ሲመጣ ትቆረጥምህ የነበረችው፣ አሁን እንዴት ሆነች? ራስህን አያምህም? ሳልስ የለህም? የጥርስ ሕመም እንኳ ቢሆን፣ የተሰማህ ነገር ካለ ሳትደብቅ ጻፍልኝ። እኔ፣ እማዬና አክስታችን ከአንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብንም። ይኼን ሁሉ ጥያቄ ለወጉ ያህል የደረደርኩት እንዳይመስልህ። ዘንድሮ ጤናህን አጥብቄ የምጠይቅበት የራሴ ምክንያት አለኝ። በሆዴ ይዤው ብዙ ቀን ሆኖኛልና አሁኑኑ እነግርሃለሁ።

ወደ መርከቡ ልትሄድ ሻንጣህን የዘጋህ ዕለት ትዝ ይልሃል? የትንሿን ሞተርህን፣ የፌንጣን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀመጥክና፣ እጅህን ሳታነሳ «እኔ በሌለሁበት ከዚህች ከፌንጣ የምትበልጥ ሞተር ላይ አትወጪም፤ ማይልኝ» አልከኝ። አንተን ከዚያ ከትልቁ ሞተር ወድቀህ ስድስት ወር በምርኩዝ ስትሄድ ያየሁህ ነኝና ነገሩ ከየት እንደመጣ ገብቶኛል። ግን የቁልፉ ደስታ አናቴ ላይ ወጥቶ ስለነበር የዚያን ቀን ምንም ብትለኝ እምል ነበር። «ወንድሜ ይሙት፣ አልወጣም!» አልኩ። እማዬ ከጓዳ ሆና «ጠላቱ ይሙት! አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ሰብስቢ!» ብላ ጮኸች። አንተ ሳቅክ፣ እኔም ሳቅኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚሉት እውነታቸውን ነው።

እንግዲህ ወንድምዓለም፣ ወጥቻለሁ። መሐላዬን ካፈረስኩ ዛሬ አርባ ሦስት ቀኔ ነው። የአንተ የመጨረሻ መልእክት ከደረሰን ደግሞ ሁለት ወር አለፈ። መርከባችሁ ወደብ ካልነካ በስልክ እንደማትገኝ አውቃለሁ፤ የድርጅታችሁ ቢሮም «ደብዳቤ ከሆነ የሚቀጥለው ወደብ ላይ ይጠብቀዋል» ስላለኝ ብዕር አነሳሁ። በአንተ ምዬ፣ መሐላዬን በልቼ፣ አንተ ደግሞ ድምፅህ ጠፍቷል። አሁን ስለ ሳልህ የምጨነቀው ለምን እንደሆነ ሳይገባህ አይቀርም።

በጥጋብ ያደረግኩት እንዳይመስልህ። ሲናገር የፍሪጅ ኮምፕሬሰር የተነሳ የሚመስለውን የፍሪጅ ጥገና ወርክሾፑን አለቃዬን ታውቀዋለህ። አንድ ቀን ጠዋት «ተራራው ላይ ያለው ጤና ጣቢያ የክትባት ፍሪጁ ቆሟል፤ ብረሪ!» አለኝ። የመሣሪያ ሳጥኔን፣ የአየር መምጠጫውን ፓምፕና የጋዝ ሲሊንደሩን ፌንጣ ላይ ጭኜ ተነሳሁ። ፌንጣ ምን ታድርግ? ለአንድ ሰውና ለአንድ ከረጢት የተሠራች ናት። ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ ስትደርስ አቃሰተች፤ ቀጥሎ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፤ ከዚያ ቀጥ ብላ ቆመች። እስክትበርድ ጠበቅኳት፣ ትንሽ ሄደች፣ ደግሞ ቆመች። የቀረውን አቀበት በእጄ እየገፋሁ ወጣሁ።

ስደርስ አራት ሰዓት ፈጅቶብኛል። ነርሷ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቴርሞሜትሩን አሳየችኝና የክትባቱን ብልቃጦች አንድ በአንድ እያነሳች መጣያ ውስጥ ጨመረች። ውጭ አግዳሚው ወንበር ላይ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተደርድረዋል። ወጥታ «ዛሬ የለም፤ በሚቀጥለው ወር ኑ» አለቻቸው። አንዷ እናት ልጇን አዝላ ስትነሳ በላብ የራሰ ፊቴን አይታ «አይዞሽ፣ እህቴ» አለችኝ። ከሩቅ ሰፈር በእግሯ መጥታ ባዶ እጇን የምትመለሰው እሷ፣ «አይዞሽ» የምባለው እኔ! ስመለስ አለቃዬ «የተራራውን መስመር መኪና ላለው ሰው ልሰጠው ነው» አለኝ። «አንድ ወር ስጠኝ» አልኩት። አንተን ላስፈቅድ ፈልጌ ነበር፤ ግን መርከብህ የት ባሕር ላይ እንዳለ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ።

ፈቃዱን ተፈትኜ ነው ያወጣሁት፤ ይኼን አስቀድመህ ልብ በልልኝ። የትልቅ ሞተር መንጃ ፈቃድ፣ በመጀመሪያው ሙከራ! ከዚያ ያጠራቀምኩትን ይዤ ሄድኩና ገዛኋት። ወይኔ ወንድምዓለም፣ ብታያት! ቀይ እንዳትመስልህ፤ አንተ «ቀይ ሞተር የሚገዛ ሰው የገዛው ልብስ ነው» ትል የለ? ግራጫ ናት፣ ዝናብ ያዘለ ደመና የመሰለች። በጉልበት ፌንጣ መቶ ከሆነች ይቺ አራት መቶ ናት። ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በውሃ ነው፤ ለፍሪጅ ሠራተኛ ከዚህ በላይ የሚያኮራ ነገር ከየት ይመጣል? በፌንጣ ጊዜ ማርሹን በጆሮዬ ነበር የምቆጥረው፤ ይቺ ግን ስንተኛው ላይ እንዳለሁ ፊት ለፊቴ በቁጥር ትጽፍልኛለች። ፍሬን ስይዝ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት ራሷ እየለቀቀች ራሷ ትይዛለች። በእግር ረግጦ ማስነሳት ድሮ ቀረ፤ በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርጋት ትነሳለች፤ ቀኝ እግሬ ግን እስካሁን መርገጫዋን ይፈልጋል። መጀመሪያ ቀን ነዳጅ ስሰጣት ክንዴን ከትከሻዬ ነቅላ የምትሄድ መሰለኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

የመጀመሪያውን ቀን ጉዴን ስማ። ወርክሾፑ በር ላይ አቁሜያት፣ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ ኮራ ብዬ አስነሳሁ። ማርሽ ሳስገባ ጠፋች። ደግሜ አስነሳሁ፤ ማርሽ ሳስገባ አሁንም ጠፋች። አምስት ጊዜ! አለቃዬ ወጣና «ካንዴላው ነው» አለ። ጎረቤታችን አናጢው «ቤንዚኑ ውስጥ ውሃ ገብቷል» አለ። አንዱ መንገደኛ ደግሞ ጠጋ ብሎ ከንፈሩን መጠጠና «ምስኪን፣ የተበላሸ ሸጠውላታል» አለ። ሦስቱም ተጎንብሰው ሆዷን ሲመረምሩ፣ ከመንገዱ ማዶ የምትሰፋው ልብስ ሰፊ መርፌዋን ከአፏ አውጥታ «እናንተ ሰዎች፣ ያን እግሯን መሬት ላይ ተክላ ወዴት ትሂድላችሁ?» አለች። ለካ መቆሚያዋን አላነሳሁም! ይቺ ዘመናዊ፣ መቆሚያዋ ካልታጠፈ ማርሽ አልቀበልም ብላ ራሷን ታጠፋለች። እኔ ደግሞ በፌንጣ ልማድ መጀመሪያ ማርሽ፣ ከዚያ ስነሳ በተረከዜ መቆሚያውን መታ ማድረግ ነው የለመድኩት። ያንን አመል ያስተማርከኝ አንተው ነህና እፍረቱን ለሁለት እንካፈለዋለን። ልብስ ሰፊዋ አሁንም በፊቷ ባለፍኩ ቁጥር «እግሯስ?» እያለች ትጮህብኛለች።

ቀጥሎ ያለውን ለእማዬ አልነገርኳትም፤ አንተም ስትደውል እንዳያመልጥህ። ፌንጣ ላይ ማርሹ ሁሉ ወደ ታች አልነበር? አንድም ሁለትም ሦስትም አራትም፣ ወደ ፊት መርገጥ ብቻ። አዲሷ ላይ ግን አንደኛው ወደ ታች ነው፤ ከሁለተኛ ጀምሮ ያለው በጣት ወደ ላይ የሚነሳ ነው። አውቀዋለሁ፣ ለፈታኙም በቃሌ ተናግሬዋለሁ። እግሬ ግን አልሰማም። በአራተኛው ቀን፣ ኩርባ ላይ፣ በሦስተኛ እየበረርኩ ወደ አራተኛ ልጨምር ብዬ በአሮጌው ልማድ ወደ ታች ረገጥኩ። ሁለተኛ ገባች። ሞተሯ አጓራ፣ የኋላ ጎማዋ ተንሸራተተ፣ እኔም ቆሌዬ ተገፈፈ። አልወደቅኩም። ዳር ይዤ ቆምኩና ሄልሜቴን አውልቄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ በምርኩዝ ስትሄድ ታየኸኝ፤ ለምን እንዳስማልከኝም ከልቤ ገባኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከዚያ በኋላ አሥር ቀን ሙሉ ወደ ተራራው አልወጣሁም። ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት የተዘጋው የእንጨት መጋዘን ግቢ ውስጥ እንደ ጀማሪ «አንድ ታች፣ ሌላው ላይ» እያልኩ ዞርኩ። እራት ላይ ሳይቀር ግራ እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ሲነሳ ሲወድቅ አክስታችን አይታ «ይቺን ልጅ ምን ነካት? የሆድ ትል ይሆናል» ብላ መድኃኒት ልታጠጣኝ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ከተራራው ተደወለ፤ ያው ፍሪጅ፣ ያቺው ነርስ። አለቃዬ ቀና ብሎ አየኝ። ያንኑ ሳጥን፣ ያንኑ ሲሊንደር ጭኜ ወጣሁ። ሦስተኛውን ጠመዝማዛ ስደርስ ትንሽ ተሳቀቅኩ፤ ነዳጅ ጨመር አደረግኩላት፤ ምንም ሳይመስላት ወጣችው! ሄልሜቴ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ፣ እልል አልኩ፣ መስታወቱም በትንፋሼ ደመነ። በሃምሳ ደቂቃ ደረስኩ። ቴርሞሜትሩ ሰባት ላይ ነው፤ ስምንትን ካለፈ ክትባቱ አይረባም። የተቃጠለው የፍሪጁ ማስነሻ ነበር፤ ለወጥኩት፣ ኮምፕሬሰሩ ተነሳ፣ ቁጥሩ ስድስት ሲል ነርሷ እዚያው ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ከዚያ ተነሳችና በሩን ከፍታ ውጭ ልጆቻቸውን ታቅፈው ለሚጠብቁት እናቶች «ግቡ» አለቻቸው። የሕፃናቱ ለቅሶ ግቢውን ሞላው። እንደዚያ ቀን የልጅ ለቅሶ ጣፍጦኝ አያውቅም። አለቃዬ ማታውን የተራራውን መስመር በኔ ስም ሰሌዳው ላይ ጻፈው።

እማዬስ? የሰማችው ከጎረቤት ነው። ግቢ ውስጥ ቆማ ስታያት «ይኼን ጎረምሳ ማን አመጣው?» አለች፤ ከዚያ ጊዜ ወዲህ ስሟ ጎረምሳው ሆኖ ቀርቷል። መሐላው ትዝ ሲላት ግን ፊቷ ተለወጠ። «በልጄ ምለሽ?» አለችና ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ። እኔ እዚያው ፊቷ ተቀምጬ ለአክስታችን «ለዚያች ንገሪያት፣ እራት ቀርቧል» ትላታለች። የማክሰኞውን ስነግራት ግን ወደ እኔ ዞረችና «ሁሉም ተከተቡ?» አለች። «ሁሉም» አልኳት። «እንግዲያው ወንድምሽ አይከፋውም። ግን ከራሱ አፍ ሳልሰማ እዚያ ጎረምሳ ላይ አልቀመጥም» አለች። እስከ ዛሬ ገበያ በእግሯ ነው የምትሄደው። ሬዲዮ ላይ ስለ መርከብ በተነሳ ቁጥር ድምፁን ትጨምራለች፤ እኔም የያዝኩትን አስቀምጬ አዳምጣለሁ።

ፌንጣ ያንተ ናት፤ አልሸጥኳትም። ሸራ አልብሻታለሁ፣ እሑድ እሑድ አስነሳታለሁ። ሰው ሁሉ በየቀኑ በሰው እየማለ ያፈርሳል፤ መሐላ የሚገድል ቢሆን ሰፈራችን ውስጥ ሰው ባልተረፈ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ይኼ ማጽናኛ ቀን ቀን ይሠራልኛል። ፖስታ ቤት ሄጄ ባዶ እጄን ስመለስ ግን እፈራለሁ፣ ወንድምዓለም። በሞተር እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ደስታዬን ሙሉ እንዳላደርገው የያዘኝ ያንተ ዝምታ ነው።

እማዬ ጉንጭህን ትስማለች፤ እግርህን በሙቅ ውሃ ንከር ብላሃለች። አክስታችን ካልሲ እየሠራችልህ ነው፤ አንዱ ከአንዱ ረዘም ስላለ እንዳትስቅባት። አለቃዬ «የመርከብ ፍሪጅ ቢበላሽ እህቱን እልክለታለሁ» ይላል። ልብስ ሰፊዋም ሰላም ብላሃለች። አብረውህ ሞተር ክፍል የሚውሉትን ባልደረቦችህን በሙሉ፣ በተለይም ታመህ ሳለህ ሾርባ የሠራልህን አብሳይ፣ እጅ ነሳሁ በልልኝ።

እንግዲህ ከመሐላዬ ፍታኝ። በሞትህ መማል ትቻለሁ፤ አሁን «ወንድሜ ይኑርልኝ፣ ከአቅሜ በላይ አልነዳም» ብዬ ምያለሁ፤ ይቺን አላፈርሳትም። ልትፈታኝ ካልፈለግክ ደግሞ ተቆጣኝ። ገጹ እስኪሞላ ስደበኝ፣ ቃል አባይ በለኝ፣ እህቴ አይደለሽም በለኝ። ቁጭ ብዬ ለእማዬ ከነስድቡ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ፤ የሚሳደብ ሰው ደህና ነው።

ታናሽ እህትህ
ከእናታችን ቤት፣ ከግቢው በር አጠገብ
ሐሙስ፣ የካቲት 18 ቀን