ባለሟልሽ በአሥራ ሰባተኛው ቀን

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20። የጠዋቱ ሂሳብ፦ ሽንት ሁለት ጊዜ ተጨምቆ ወጥቷል፤ ጥርት ያለ ነው። የኋላ እግሮቹ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ጊዜ ታጥፈው ተዘርግተዋል። መድኃኒቱን በሦስተኛው ሙከራ ዋጠው፤ ሁለቱን ጊዜ ጫማዬ ላይ ተፍቶታል። ጎኑ ላይ የመኝታ ቁስል የለም። በራሱ እግር የቆመው፦ አምስት እስክቆጥር።

ውድ ባለቤቴ፣

ከላይ ያለውን የገለበጥኩልሽ ከማስታወሻ ደብተሬ ነው። እዚህ ድረስ በስልክ የነገርኩሽ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ግን አልነገርኩሽም፤ በስልክ ብጀምረው ስለምታቋርጪኝ፣ እኔም ስታቋርጪኝ ደስ ብሎኝ ዝም ስለምል፣ በወረቀት ይሁን ብያለሁ።

ትናንት በስልክ «ጅራቱን አነቃነቀ፣ ቆመም» ስልሽ በደስታ ጮኽሽ። ከዚያ «ዛሬ ነው?» አልሽኝ። «ዛሬ» አልኩሽ። መቆሙ እውነት ነው፤ ትናንት ነው። ጅራቱ ግን የተነቃነቀው ከሃያ ቀን በፊት ነው። እኔም አይቻለሁ፤ አይቼም ደብቄሻለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

የእንስሳት ሐኪሟ የባለሟልን ወገብ በቀዶ ጥገና ከፍታ የተንሸራተተውን የአከርካሪ ዲስክ አውጥታ በሰፋች በአራተኛው ቀን፣ እህትሽ መንታዎቿን ያለ ጊዜያቸው ወለደችና አንቺ ሻንጣሽን አነሳሽ። በር ላይ ቆመሽ ያዘዝሽኝን አስታውሳለሁ፤ ሽንቱን ጭመቅ፣ በየአራት ሰዓቱ አገላብጠው፣ ወለሉ ያንሸራትተዋልና ምንጣፍ አንጥፍለት። ከዚያ ጎንበስ ብለሽ ግንባሩን ስመሽ «ሆዴ፣ አይዞህ፣ እመጣለሁ» አልሽው። እኔን «ጋዙን መዝጋት እንዳትረሳ» አልሽኝ።

ምንጣፉን አነጠፍኩ። ከምንጣፍ ሱቄ ቁርጥራጭ ሰብስቤ ከሳሎን እስከ ጓሮ በር ድረስ መንገድ ሠራሁለት። ደንበኛ ቢያየው የሚያስቀና መንገድ ነው፤ አንዱ ቁራጭ ቀይ ነው። ቀይ ምንጣፍ ላይ እየተሳበ የሚሄድ ውሻ ያለው ቤት የእኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ስሙን ባለሟል ያልኩት እኔ መሆኔን ታውቂያለሽ፤ ቡችላ ሳለ ከጭንሽ አልወርድ ሲል ነው። ያኔ ቀልድ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ነበሩ። ሆዱን በሁለት መዳፌ ይዤ ፊኛውን ስፈልግ ጣቶቼ ኩላሊቱንም አንጀቱንም ሲያገኙ ፊኛውን አያገኙም። እናትሽ እኔ ሱቅ ስውል እየመጣች ትጠብቀዋለች፤ መጨመቁን ግን «እኔ በዚህ ዕድሜዬ የውሻ ፊኛ አልማርም» ብላ ተወችው። ስለዚህ በቀን ሦስት ጊዜ ከሱቅ ቤት፣ ከቤት ሱቅ። አራት ሜትር ጥቅል ምንጣፍ ስሸከም የተቀጨ ወገቤም ደጋግሞ ይነሳብኛል። አምና ያ ወገቤ ሲያዝ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ? «ትንሽ ተንቀሳቀስበት፣ ይለቅሃል» ብለሽ ቅባቱን አልጋው ላይ ወርውረሽልኝ ሥራ ሄድሽ። ለእሱ ግን ፍራሽ መሬት ላይ ዘርግተሽ አራት ሌሊት አጠገቡ ተኛሽ። ነጋዴ ነኝ፤ የማልወደውን ዋጋ ስሰማ ፊቴን አላሳይም። ግን ይዤዋለሁ።

ከእናትሽ የሚያመልጥ ነገር የለም። አንድ ቀን የባለሟልን እግር እያጠፍኩ ስዘረጋ ከወንበሯ ሆና ታየኝ ነበር።

«ምነው ተኮሳተርክ? በውሻው ቀናህ እንዴ?»

«እኔ? ባለ አራት እግር ላይ?»

«ያውም ሁለቱ የማይሠሩለት!» ብላ እስኪያስላት ሳቀች።

እኔም ሳቅሁ። ልክ እንደነበረች ግን አውቄያለሁ።

አሁን ወገቡ ከተሰፋ ወደ አሥራ ሰባተኛው ቀን ልምጣ። ዓርብ ነበር፣ ስድስት ሰዓት ላይ። ሽንቱን ጨምቄ፣ አጥቤው፣ ፎጣ ቀይሬለት ወገቤን ይዤ ስቀመጥ ደወልሽ። እንደ ልማድሽ «ስልኩን አስጠጋለት» አልሽ። ድምፁን ከፍቼ ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩት። «ሆዴ፣ የኔ ጌታ፣ እንዴት ዋልክ?» ስትዪው፣ እንደ ሞተ ገመድ የከረመው ጅራቱ ጫፉ ብቻ ተነሳና ምንጣፉን መታ። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ።

እኔ አሥራ ሦስት ቀን እያገላበጥኩት፣ እያጠብኩት፣ በእጄ እያጎረስኩት አንዴም ያላነሳውን ጅራት፣ አንቺ ከሩቅ ሆነሽ በአንድ «ሆዴ» አስነሳሽው። ያ ቃል ድሮ የእኔ እንደነበር ታውቂያለሽ?

«ምን አየህ? አዲስ ነገር አለ?» አልሽኝ።

«ምንም የለም» አልኩሽ።

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ደንግጫለሁ። ግን የሙያዬን ልማድ ታውቂያለሽ። በእኛ ገበያ አንድ ነጋዴ ደንበኛን «ይሄ ዕቃ የለም» ካለው፣ ዕቃው መጋዘን ሞልቶ ቢፈስ እንኳ በማግስቱ አውጥቶ አይሰቅለውም። ደንበኛው ቢያየው ያ ነጋዴ ዳግመኛ አይታመንም። የለም ከተባለ ወቅቱ እስኪያልፍ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። እኔም የባለሟልን ጅራት እንደ ዕቃ ጠቀለልኩት። «ዛሬ ተናግሬ ነገ ብመለስ ምን ትለኛለች?» እያልኩ ቀኑን በቀን ላይ ደረብኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮም ስትደውዪ «ተኝቷል፣ አልቀስቅሰው» እልሽ ነበር። አልተኛም ነበር። ስልኩ በጠራ ቁጥር አንገቱን ቀና አድርጎ ያየኝ ነበር።

ለደብተሬ ግን አልዋሸሁም። የዚያ ዓርብ ገጽ ላይ «ጅራት፣ ሦስት ጊዜ፣ በእሷ ድምፅ» ተብሎ ተጽፏል። ስትመጪ ታዪዋለሽ።

በሃያ ስምንተኛው ቀን ለምርመራ ወሰድኩት። ሐኪሟ ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ የኋላ ጣቶቹን ቆነጠጠች። ፈርቶ ስለነበር ድንጋይ ሆነ።

«ጋሼ፣ ቤት ውስጥ ምንም ምልክት አላዩም? ጅራት? ጣት?»

«የለም።»

«በደንብ ያስቡ እስቲ። ትንሽም ብትሆን ለእኔ ብዙ ናት።»

«የለም አልኩሽ እኮ፣ ልጄ።»

መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው። «እንግዲህ አሥር ቀን እንጨምር። በዚያ ውስጥ ምንም ከሌለ፣ ከባለቤትዎ ጋር ተነጋገሩበት። እንዲህ ሆኖ መኖርም ለእሱ ስቃይ ነው» አለችኝ። አባባሏ ገብቶኛል። መኪናው ውስጥ ባለሟል ጭንቅላቱን ክንዴ ላይ አስደግፎ መጣ። ያኔም መመለስ እችል ነበር። ከሐኪም ቤቱ በር እስከ ጠረጴዛዋ ሃያ እርምጃ አይሞላም። አልተመለስኩም።

ከትናንት ወዲያ፣ ማክሰኞ፣ ሐኪሟ ያለችውን ነገርኩሽ። ቁጣሽን ጠብቄ ነበር። አንቺ ግን ቀስ ብለሽ፣ «ካልሆነ አናሰቃየው። ዓርብ ውሰደው። እኔ መድረስ አልችልም፤ አንተ ግን ጥለኸው እንዳትወጣ። ሐኪሟ መርፌውን ስትወጋው ጆሮውን ያዝለት፣ ጆሮውን ሲይዙት ይረጋጋል» አልሽኝ። ከዚያ ጨመርሽ፤ «አንተም ደክመሃል፤ ይበቃሃል።»

ስንት ቀን ስጠብቀው የነበረ ቃል ነው፤ ደክመሃል የሚለው። ሲመጣ እንደ እሬት መረረኝ። በቅናቴ የገዛሁት ነበርና፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ እኔ አልነበርኩም።

ትናንት ረቡዕ ስድስት ሰዓት ላይ ሱቄን ዘግቼ መጣሁ። አንቺ እህትሽን ሐኪም ቤት ይዘሻት ስለነበር ስልክሽ አልተነሳም። ስልኬ ውስጥ የቀረ ድምፅሽን ፈለግሁ። አንድ ብቻ አገኘሁ። በክረምት ቁልፉን ይዤብሽ የሄድኩ ጊዜ የላክሽው ነው። ፎጣውን በሆዱ ሥር አሳልፌ ወገቡን ከፍ አደረግሁና ከፈትኩት።

«አንተ ሰውዬ! ዝናብ ላይ ቆሜልሃለሁ! ቁልፉ ኪስህ ውስጥ ነው! አሁኑኑ ና!»

ጆሮዎቹ ቆሙ። የፊት እግሮቹ ምንጣፉን ቧጠጡ። ከዚያ ፎጣው እጄ ላይ ቀለለኝ። ቀለለኝ ስልሽ፣ ክብደቱን ራሱ ወሰደው ማለቴ ነው። የኋላ እግሮቹ እየተንቀጠቀጡ ቆሙ፤ አንዱ መዳፍ ተጣሞ፣ ሌላው ቀጥ ብሎ። ጅራቱ ወዲያና ወዲህ። አራት ቆጠርኩ። ከዚያ በአገጩ ወደቀና እንደገና ሊነሳ ታገለ።

እናትሽ እልል አለች። ከዚያ እልልታውን አቋረጠችና ፊቴን ታየኝ ጀመር።

«አንተ አልደነገጥክም» አለች።

«እንዴት?»

«እግሩን ስታይ ደነገጥክ። ጅራቱን ስታይ አልደነገጥክም። መቼ ነው ያየኸው?»

ሠላሳ ዓመት ነግጄ ፊቴን ያነበበብኝ ደንበኛ የለም። ነገርኳት። አልተሳደበችም። ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ለልጄ እኔ አልነግራትም። አንተው ንገራት» አለችና ወጥታ ሄደች። ያም ሆኖ ማታ ስትደውዪ «ዛሬ» አልኩሽ። ከአፍ የወጣ አፋፍ የሚባለው እንዲህ ላለ ሰው ነው።

ይቅር በይኝ ስልሽ ቶሎ እንድትዪኝ አይደለም። ጊዜ ውሰጂ። በውሻ ቀናሁ ብዬ መጻፍ በዚህ ዕድሜዬ ያሳፍራል፤ ግን እሱ አላጠፋም። አንቺም ብትሆኚ ላጣሁት ነገር ተጠያቂ አይደለሽም፤ ከአንቺ ጠይቄው አላውቅምና። አሁን ልጠይቅ። ስትደውዪ መጀመሪያ ስለ እሱ ጠይቂ፣ ይገባዋል። ከዚያ ግን ስልኩን ከመዝጋትሽ በፊት እኔንም «አንተስ?» በይኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ወይም እፈልጋለሁ፤ ግን ለመጀመሪያው ይበቃል።

ለእሱም አዲስ ድምፅ ላኪለት። የስድብሽን ድምፅ ዛሬ ጠዋት ብቻ ዘጠኝ ጊዜ አሰምቼዋለሁ፤ እሱ በሰማው ቁጥር ይቆማል፣ እኔ በሰማሁት ቁጥር ኪሴን እዳብሳለሁ። እህትሽንና ሕፃናቱን ሳሚልኝ።

የአንቺው፣
ምንጣፍ ሻጩ

ከማስታወሻ ደብተሬ፦ ነገ፣ ዓርብ፣ ሱቅ አይከፈትም። ሦስት ሰዓት ላይ ባለሟልን ይዞ ሐኪም ቤት። መርፌው መቅረቱን መንገር። ለሐኪሟ ፊት ለፊት፣ ጅራቱ በአሥራ ሰባተኛው ቀን እንደሠራ፣ በሃያ ስምንተኛው ቀን ስትጠይቀኝ አይቼ እንደካድኳት መንገርና በመዝገቡ ላይ ማስጻፍ። ስመለስ ደብዳቤውን ፖስታ ቤት ማስገባት።