ደራሲው አስታሞ አያውቅም

ሶዶ፣ ሰኔ 3 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለትርፌ፤ ሰላምታዬ አዲስ አበባ፣ ከምትሠሪበት ሐኪም ቤት ድረስ በደህና ይግባልሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። "ደህና ነን ብለህ ጻፍ" ያለችኝም እናታችን ናት።

የላክሽልኝን ሁለት ልብ ወለዶች ጨረስኩ። የነጋዴው ታሪክ አሰልቺ ነው፤ ሰው ሁሉ እንደ ሰባኪ ይናገራል። ሻንቆ ቢኖር በዚህ ይከራከረኝ ነበር። ሁለተኛውን ወደድኩት። ከትምህርት ቤት ስመለስ ለእናታችን በወላይትኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። ልጅቷ አንድ ጊዜ ስላ በማግስቱ ስትሞት ግን እናታችን ሳቀች።

"ይህ ሰውዬ አስታሞ አያውቅም። የኔ ሻንቆ ስንት ወር ነው የሳለው!" አለችኝ።

ወንድማችን ከሞተ ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ሳቁ ወደ ሳል ዞረና ንባቡን አቆምን። "ጭሱ ነው" አለች፤ እሳቱ ግን ገና አልተያያዘም ነበር።

ሻንቆ ሲታመም ለብቻው የለየንለትን ጣሳ ታስታውሺዋለሽ። አሁን እናታችን ትጠጣበታለች። ናፍቆት ነው ብዬ እኔም ልጠጣበት ባነሳው ነጠቀችኝና "የራስህን አንሳ!" ብላ ጮኸችብኝ። ከእኔ ጋር ከአንድ ሳህን መብላትም ትታለች።

ሌላ መጽሐፍ ስትመርጪ ሰው የማይታመምበት ይሁን። ለጊፋታ በዓል እመጣለሁ ብለሽ ነበር፤ መስከረም ግን ሩቅ ነው። ፈቃድ ከሰጡሽ መጽሐፉን በፖስታ አትላኪው፤ ራስሽ ይዘሽው ነይ።

ዐይንሽን ለማየት ያብቃን።

ታናሽ ወንድምሽ ደገፉ