ለፕሮቲኑ የላክሁት የሰሊጥ ዘይት

ሽንፋ፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሔለን። የሰው አገር ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛስ አለን ከተባለ አለን።

ስለ ሥራሽ የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አነበብሁት። የካላዛር ተውሳክ ወደ ሰው ሕዋስ የሚገባበት በር ፕሮቲን ነው ብለሻል። እናንተም ሕዋስ ሰብራችሁ በጭማቂው ብቻ ያንን በር ትሠራላችሁ፤ ቅርጹ ከታየ መድኃኒት ይፈለግለታል። በሩ ግን ቅባት ካጣ እየተቋጠረ ይበላሽባችኋል ብለሻል። ስለዚህ ከዘንድሮው ሰሊጥ የተጨመቀ ዘይት ወደ ጎንደር ለምትሄደው ለባለሱቋ ለሰዓዲያ አስይዣታለሁ፤ ወዳንቺ ለሚመጣ መንገደኛ ትሰጥልሻለች። አትሳቂብኝ።

ሰሊጡን ብቻዬን ነው ያጨድሁት። ወንድምሽ ደረበ ከአብደራፊ የቀን ሥራ ከተመለሰ ወዲህ ጥላ ሥር መዋል ወዷል። ሆዱ ቀድሞት እየሄደ «እማዬ፣ ወፈርሁልሽ» ይለኛል፤ ክንዱ የኔን አያህልም። የካላዛሩን መርፌ ለሁለተኛ ጊዜ ጨርሷል። ሐኪሙ «ወደ ቤት ውሰጂው» ሲለኝ ዓይን ዓይኔን አላየኝም። ከሞተ ሕዋስ በር የምታበጁ ሰዎች፣ እዚህ ሕያው ሰው እንዳለ የሚነግራችሁ የለም?

መድኃኒቱ ስንት ዓመት ይፈጃል ብዬ ብጠይቅሽ «ብዙ» አልሽኝ። እንግዲያው የበሩን ሥዕል እንኳ ቶሎ ላኪልኝ፤ ደረበ ማየት ይፈልጋል።

ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ይልሻል። በስተርጅና ፊደል ያስቆጠረኝ ደረበም በእጁ ጽፎ ሰላም ሊልሽ እስክሪብቶዬን ተቀብሎኝ ነበር። ትንሽ ይዞት ቆየና መልሶ ሰጠኝ።

እናትሽ አሰበች