ከእናቷ ደረት ላይ የተፈታው ብር

ሜይ 6
ዝናብ። ሙዚየሙን ሊያዩ የመጡት የትምህርት ቤት ልጆች ብቻ ነበሩ። የስፔኖቹን ሰይፍ አሳየኋቸው፣ ከዚያ የኛን፣ የአገሩን ነባር ሰዎች የማፑቼዎቹን የብር ጌጥ። «ከሰፋሪ ቤተሰብ የተበረከተ» አልኳቸው፣ ከሥሩ እንደተጻፈው። እግሬ ደክሟል። ሌላ ምን አለ...

ሜይ 9
አክስቴ ኦርፌሊና ለሐኪም ከተማ መጥታ ነበር። ሙዚየሙን ላሳያት ብዬ አስገባኋት። ሁለት ወፍ ያለበት የደረት ጌጥ ፊት ቆማ አልነቃነቅ አለች።
«የእናቴ ነው።»
«በምን አወቅሽ?»
«የአንዷ ወፍ አንገት ጠማማ ነው። እናቴ ከፈረስ ስትወድቅ ነው የተጣመመው። ሰፋሪዎቹ ቤታችንን ያቃጠሉ ቀን ከደረቷ ላይ ፈቱት። አጠገቧ ነበርኩ።»
ጽሑፉን አነበበች። «ተበረከተ? ማን ለማን?»
«ለዳይሬክተሩ እነግራለሁ» አልኳት። እስካሁን እንደተናደድኩ ነኝ።

ሜይ 11
ለዳይሬክተሩ፣ ለዶን ቴኦባልዶ ነገርኩት። «ማስረጃ አላት?» ከስልኩ ቀና እንኳ አላለም። ቀጥሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ለሙዚየሙ የምስረታ በዓል ጌጡን አድርጋ ፎቶ ትነሳልን። ያምርባታል።»
የገዛ እናቷን ብር በውለታ ሊያስነካት።
አክስቴ ደግሞ «እሺ በይው» አለች። በሷም ተናደድኩ።

ሜይ 20
በዓሉ። ወይኑ፣ ንግግሩ፣ ጭብጨባው... አክስቴ መሃል ቆማ ፎቶ ተነሳች። ሲያበቃ ዶን ቴኦባልዶ እጁን ዘረጋ።
«በቃ እማማዬ፣ እናውልቀው።»
«እናትህ አይደለሁም። ያኔም የፈቱት ወንዶች ናቸው። ና፣ ሰው እያየህ ፍታው።»
ጥበቃውን ሴፈሪኖን ጠቀሰው። ሴፈሪኖ የኛው ሰው ነው፤ እጁን ኪሱ ከተተ። «እኔ የሴት ጌጥ አልፈታም።»
ሌላ ፈቺ አልመጣም። አክስቴ ብሩን እንዳደረገች በዋናው በር ወጣች፤ ተከተልኳት። አውቶቡስ ውስጥ ቦታ ያዝኩላት።

ጁን 2
ነገሩን ጋዜጣ ስለጻፈው ፖሊስ መጥራት ፈሩ። ታዲያ ምን አደረጉ? ጌጡ የነበረበት ባዶ የመስታወት ሳጥን ውስጥ አዲስ ጽሑፍ፦ «ለዶኛ ኦርፌሊና በውሰት የተሰጠ»። ውሰት... ስትሞት ይመለሳል ብላ እንድትፈርም ዶን ቴኦባልዶ ወረቀቱን ለኔ ሰጠኝ። ፊቱ ቀደድኩት። የመሥሪያ ቤቱን ቁልፍም ቅዳጁ ላይ ተውኩለት።

ጁን 3
ሥራ የለኝም። አክስቴ ጋ ነኝ።
«ስሞት ይመለስ ነው ያሉት?»
«አዎ።»
«እንግዲያው ሞቴን አልጠብቅም።»
ብሩን አውጥታ እኔ ላይ አሰረችው፤ ሰንሰለቱን አቃናችልኝ። «ከአሁን በኋላ አንቺን ይለምኑ።»
ይከብዳል... ነገ አድርጌው ገበያ እወጣለሁ።