«ለእሷ መምረጥ አንችልም» ያልኩ ጊዜ

ረቡዕ

የሰናይት ስም ባሎቱ፣ የምርጫ ወረቀቱ ላይ አለ። የእኔው ባሎት ላይ፣ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ!

ከሥራ ወጥቼ ከምርጫው ቀን ቀድሞ ወደሚመረጥበት ኤርሊ ቮቲንግ ሄድኩ። ስኩል ቦርድ፣ የትምህርት ቤቶች ቦርድ የሚለው ጋ ስደርስ ስሟን አየሁት። ጓደኛዬ የምትወዳደረው ለሮክቪል ዲስትሪክት ወንበር ነው። የሮክቪል ሰው ብቻ የሚመርጣት መስሎኝ ነበር። መስሎኝ ብቻ ቢቀር ምን ነበረበት? ለሰው ተናግሬዋለሁ።

እዚያ የምትሠራዋን ሴትዮ ጠየቅኳት። ረጋ ብላ አስረዳችኝ። ተወዳዳሪው ዲስትሪክቱ ውስጥ መኖር አለበት፤ የሚመርጠው ግን የሮክቪልም የሲልቨር ስፕሪንግም ሰው፣ ካውንቲው በሙሉ ነው። ሁሉም ሰው ለሁሉም ወንበር ድምፅ ይሰጣል።

እዚህ ከመምጣቴ በፊት ሌላ ስቴት፣ አሌክሳንድሪያ ስኖር እንዲህ አልነበረም። እዚያ እያንዳንዱ ዲስትሪክት የራሱን ሰዎች ነው የሚመርጠው። እኔ ያንን ይዤ ነው እዚህ የለፈለፍኩት።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እነእትዬ ዘነበች ከበቡኝ። «አንቺ ታውቂያለሽ፤ የሰናይትን ነገር እንዴት እናድርግ?» አሉኝ። «እኛ የእሷ ዲስትሪክት አይደለንም፤ ለእሷ መምረጥ አንችልም። ቦታውን ዝለሉት» አልኩ። አፌን ሞልቼ! እትዬ ዘነበችም መረቁኝ።

ሐሙስ

ማን ማን ሰማኝ? እትዬ ዘነበች። እህታቸው እማማ የሺ። ብርቱካን ከነባሏ። ጋሽ ታደሰ። ከኋላ የቆሙ የማላውቃቸው ሴቶች።

ብርቱካንን ኮል አደረግኳት። ገና አልመረጡም፣ ማክሰኞ ነው የሚሄዱት። እፎይ። ጋሽ ታደሰ ጋ ደወልኩ። «እኔ መች ሰማሁሽ? ስሟን አይቼ ክቡን አጠቆርኩላት!» አሉ። ጆሯቸው ስለደከመ እግዚአብሔርን ሳመሰግን የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ እትዬ ዘነበች ጋ በአካል ሄድኩ፤ በስልክ አልሆንልሽ አለኝ። የሚኖሩት የአረጋውያን አፓርትመንት ውስጥ ነው። ሶፋው ላይ አስቀምጠው ጁስ ቀዱልኝ።

«እትዬ፣ በፖስታ የመጣልዎትን ባሎት ልከዋል?»

«ድሮ! እኔና የሺ ሄደን የምርጫ ሳጥኑ ውስጥ ከተትነው።»

«የሰናይትን ቦታስ?»

«ዝለሉት አላልሽም? ዘለልነዋ።»

ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ሌላ ወረቀት አይሰጡንም?» አሉ። አንዴ ከገባ አይመለስም፣ ሌላም አይሰጥም አልኳቸው። ጁስ ጨመሩልኝ።

«ልጄ፣» አሉ በመጨረሻ፣ «እኔ እኮ ለሕንፃው ሰው ሁሉ ነግሬያለሁ።»

ዓርብ

ከእትዬ ዘነበች ጋር በር ለበር ዞርን። እሳቸው ያንኳኳሉ፣ እኔ እናዘዛለሁ። አብዛኞቹ ልከዋል። አንዲት እናት ፖስታውን ገና አላሸጉትም ነበር፤ ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝም። ሌላው ሰውዬ ግን «እንግሊዝኛ ታውቃለች ብለን ነው እኮ ያመንንሽ» አሉኝ። ክፋት የለባቸውም። እሱ ነው የባሰው።

ሰናይትን ለምን አልጠየቅኳትም? አንድ ቴክስት ይበቃ ነበር። ቀኑን ሙሉ ይህን ሳመላልስ ዋልኩ። ሰው ፊት አላውቅም ማለት አፍሬ ነው። ይህ አንዱ ነው።

ሁለተኛውን እዚህም መጻፍ ይከብደኛል። ሰናይትና እኔ አንድ ክፍል ተጋርተን ነው ኑሮ የጀመርነው። እሷ የማታ ሥራ እየሠራች ነርሲንግ ጨረሰች። አሁን ደግሞ በየመድረኩ እየቆመች፣ ወላጅ ትምህርት ቤት ሲጠራ አስተርጓሚ ይኑረው እያለች ትናገራለች፣ ሰው ያጨበጭብላታል። «መምረጥ አንችልም» ስል ውስጤ ቅልል ብሎኝ ነበር። አትመረጥ ብዬ አይደለም። ግን እዞርላታለሁ፣ እቀሰቅስላታለሁ ከማለት ተገላገልኩ። አውቄ አላደረግኩትም፤ ማወቅም አልፈለግኩም።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ከመበተኑ በፊት የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ተነሳሁ። አባ «የማንንም ስም አታንሺ፣ እዚህ ቅስቀሳ አይቻልም» ብለው ፈቀዱልኝ። «ባለፈው የነገርኳችሁ ስሕተት ነው። በካውንቲው ያለ መራጭ ሁሉ ለሁሉም የስኩል ቦርድ ወንበር ይመርጣል። የማላውቀውን ስለተናገርኩ ይቅርታ» አልኩ። ከኋላ አንዷ ስትስቅ ሰማሁ። ትሳቅ።

ከዚያ ለሰናይት ደወልኩላት። ሁሉንም ነገርኳት፣ ከቅንዓቱ በቀር።

«ምን ያህል ሰው ነው?» አለችኝ።

«አላውቅም። እትዬ ዘነበች ለሕንፃው ሁሉ ነግረዋል።»

«እሺ» አለች። «ልጆቹን ላበላ ነው።» ዘጋችው።

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ

ከሥራ ፈቃድ ወስጄ የምርጫው ጣቢያ ደጅ ዋልኩ። መቀስቀስ የሚፈቀደው ከተሰመረው መስመር ወዲህ ነው፤ እዚያ ቆሜ የሰናይትን ፍላየር፣ በራሪ ወረቀቷን አደልኩ። ነፋሱ አጥንት ይሰብራል። ብርቱካንና ባሏ መጡ፣ ሲወጡ አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ።

ወደ ማታ ገደማ ሰናይት በየጣቢያው ስትዞር እኛም ጋ ደረሰች። የቆምነውን ሁሉ እየጨበጠች አመሰገነች። እኔ ጋ ስትደርስ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ለማታውቀው ሰው እንደሚባለው። እጇ በረዶ ነበር።

ረቡዕ

ተሸነፈች።

በፖስታ የመጣው ድምፅ ገና ተቆጥሮ አላለቀም፤ ቢያልቅም ለውጥ የለውም። ልዩነቱ ሰፊ ነው። የሕንፃው አረጋውያን፣ የአዳራሹ ምእመን፣ ሁሉም ተደምሮ አጠገቡም አይደርስ።

ይህን እንዳየሁ «ተመስገን!» አልኩ። ጮክ ብዬ፣ ኩሽና ውስጥ ብቻዬን። እንድትሸነፍ ያደረግኳት እኔ አይደለሁማ!

ወዲያው ያልኩት ገባኝና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ጓደኛዬ በሰፊው ስለተሸነፈች ነው ደስ ያለኝ። ትናንት ፍላየር እያደልኩ እንኳ በልቤ የምለምነው ምን ነበር? ታሸንፍ ነው፣ ወይስ ከተሸነፈች በትንሽ አይሁን?

ቅዳሜ

ጠዋት ሰናይት ቴክስት አደረገች። «የሰው ግቢ ላይ የተከልናቸውን፣ ስሜ የተጻፈባቸውን ሳይኖች መንቀል አለብን። መኪናሽ ትልቅ ናት፤ ትመጫለሽ?» ቁርሴን ትቼ ወጣሁ።

ብዙ ሳናወራ ነቀልን። እሷ ትነቅላለች፣ እኔ እጭናለሁ። አንድ ሳይን መሬቱ ያዘውና ሁለታችንም ይዘን ስንጎትት ቃሉ ከአፌ ወጣ።

«ሰኒ፣ ልዩነቱ ሰፊ መሆኑን ሳይ ተመስገን አልኩ።»

እጇን አላነሳችም። እኔም ሳይኑን አለቀቅኩም። የቀረውንም ነገርኳት፣ መድረክ ላይ ሳያት የሚሰማኝን ሁሉ።

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ቀልቷል፤ ከብርዱ ይሁን አላወቅኩም።

«ቅንዓትሽን ድሮም አውቀዋለሁ» አለች። «አንድ ክፍል ኖረን የለ? ግን በትንሽ ብሸነፍ ኖሮ ዕድሜ ልኬን አንቺን ነበር የማስበው። ሳልተኛ ማለት ነው። ስለዚህ እኔም ውጤቱን ሳይ መጀመሪያ ያልኩት ተመስገን ነው። ከዚያ ነው ያለቀስኩት።»

እውነቷን ይሁን ለእኔ ብላ አላውቅም። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

«ሳቢው» አለች። ሳብነው፣ ወጣ። ጭቃውን በጫማዋ አራገፈችና መኪናው ውስጥ ከጎኔ ገባች።