የአባዬ አውቶብስና የእኔ ካርድ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ማታ 2 ሰዓት

ዛሬም ጠፋ። አባዬ የጌሙን አውቶብስ ሰው ሞልቶ ቁልቁለቱን ሲወርድ ስክሪኑ ድርግም አለ። መሪውን እንደያዘ ቀረ። ከዚያ ለማይታዩት ተሳፋሪዎች ይቅርታ ጠየቀ፤ ሂሳባችሁ ይመለሳል አላቸው። በሳቅ ሞትኩ።

ደብተርዬ፣ ችግሩ ግራፊክስ ካርዱ ነው። ምስሉን ሠርቶ ወደ ስክሪኑ የሚልከው የኮምፒውተሩ ዕቃ። ስገዛውም ያገለገለ ነበር፣ አሁን በቃኝ ብሏል። ሲሞቅ ይጠፋል። ይለወጥ ወይስ ይቆይ? አዲሱን እፈልገዋለሁ፣ ምን እዋሻለሁ። የመ/ቤት ልጆች የሚጫወቱት ጌም በእኔ ማሽን አይከፈትም። ግን ደግሞ ፍራሼ አልቋል፤ ስፕሪንጉ ጎኔን ይወጋኛል። ሠላሳ ሊሞላኝ ነው! ፍራሽ ትታ የጌም ዕቃ የምትገዛ ሴት አይተሽ ታውቂያለሽ?

ግን አባዬ። ዕድሜውን ሙሉ ታክሲ ነድቶ ኖረ። ስትሮኩ ግራ እጁን ካሰነፈበት ወዲህ ታክሲው ተሸጠ፣ እሱ ሶፋ ላይ ቀረ። ይህን መሪ ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኘሁለት ቀን ነው ፊቱ የተመለሰው። በአንድ እጁ ይነዳል፣ ከነወጉ። ለእሱ ከሆነ ይለወጥ። ለእኔ ብቻ ከሆነ ግን ፍራሽ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ዘዴ አገኘሁ! ጌሙ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ካርዱን የሚያደክመውን ሁሉ አጠፋሁ። ጥላው፣ ዛፉ፣ ዝናቡ፣ ምኑ ምናምኑ። ዝርዝሩን ማን ያነባል፤ አጥፋ፣ አጥፋ፣ አጥፋ። አንዴም አልቆመም። እሰይ። በቃ ምን አስገዛኝ?

አባዬ ግን ትንሽ ነዳና ጥግ ይዞ ቆመ። ደከመኝ አለ። ሲነዳ ደክሞት አያውቅም እኮ።

ሌላም አለ። ከሥራ ስገባ ሁሌ ታክሲ የነዳበትን ካዛንቺስን ያስተርከኛል፤ ምን ፈረሰ፣ ምን ተሠራ፣ ያ ጎሚስታው የት ገባ። ዛሬ አልጠየቀም። ሳልጠየቅ ነገርኩት፤ ታክሲ ታዞርበት የነበረው ቅያስ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል፣ ሰዉ ማታ ማታ ወክ ያደርግበታል አልኩት። እህ አለ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

አባዬ ዛሬ አልነዳም። ነገ ይላል። ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ወደ መስኮቱ ያያል። አንድ ዓይኑን በእጁ ይሸፍንና ይገልጣል፤ አቧራ ገባብህ ብለው የለም አለ።

ጌሙ ሰልችቶታል ማለት ነው። ታዲያ ካርዱ ለማን ሊሆን ነው? ፍራሽ። አለቀ። (እያለቀስኩ ነው። ለማንም እንዳትናገሪ።)

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ለቢኒ ደወልኩ፤ ኡራኤል ጋ ኮምፒውተር የሚጠግነው ጓደኛዬ። ባልገዛም አሮጌውን ይየው ብዬ። ነገ ጠዋት አምጪው አለኝ።

አባዬ እራት አልበላም። በጊዜ ገብቶ ተኛ። ምን ሆኗል?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ወይ ጉድ ደብተርዬ። ወይ ጉድ!

ጠዋት ስነሳ አባዬ ሳሎን ተቀምጧል። ጢሙን ተላጭቶ። የበዓል ኮቱን ለብሶ። ጉልበቱ ላይ ፌስታል፤ ውስጡ ፒጃማ፣ ፎጣ፣ የጥርስ ብሩሽ። ወዴት ነው አልኩት። አንቺ ወደምትወስጂኝ አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ለካ ማታ በበሩ ሰምቶኛል። ለቢኒ ምን እንዳልኩት ቃል በቃል ደገመልኝ፦ “አርጅቷል እኮ። ሙቀቱ አልወርድ ብሏል፣ መሃል ላይ ድርግም ይላል። በቃ ነገ ካርድ አወጣና ይዤው እመጣለሁ። ካልዳነ እዚያው ትቼው እመለሳለሁ።”

ካርድ ማውጣት! አባዬ የሚያውቀው ካርድ ሆስፒታል የሚወጣውን ነው፤ ተሰልፈሽ፣ ስም አስጽፈሽ። እኔ ደግሞ ያልኩት ከኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ የሚወጣውን። ያረጀውም፣ የሚሞቀውም፣ ተጥሎ የሚቀረውም እሱ መሰለው። እንዲህ ሲባል ሰምቶ፣ አንድ ቃል ሳይናገር ጢሙን ተላጨ። አንጀቴን በላው።

ሳቅኩ። ከዚያ እግሩ ሥር ተቀምጬ ተንሰቀሰቅኩ። ኮምፒውተሩን ከፍቼ ካርዱን አሳየሁት፤ ይኸው፣ ያረጀው ይሄ ነው። በእጁ ዳሰሰው። አቧራውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ቢኒ ለእኔም መለዋወጫ ካለው ጠይቂልኝ አለ፣ የእሱ ነገር!

ግን ለምን ዝም ብለህ ልትሄድ አሰብክ አልኩት። የታወቀብኝ መስሎኝ ነው አለ። ምኑ? ዓይኔ። ረቡዕ ሲነዳ ሁለቱም ስፖኪዮ ጨለመበት። ከኋላ የሚመጣ መኪና የለም፣ መንገድ የለም፣ ጥቁር ብቻ። ሐኪሙ በስትሮኩ ጊዜ ዓይንህንም ሊነካህ ይችላል ብሎት ነበር። በቃ ደረሰ፣ ልታወር ነው ብሎ ደመደመ። እኔን ላለማስጨነቅ ደበቀ። ሲሸፍን ሲገልጥ የነበረው ለካ ዓይኑን እየፈተነ ነው።

ሴቲንጉን ከፈትኩት። ካጠፋኋቸው ውስጥ አንዱ፦ መስታወት። ስፖኪዮውን ያጠፋሁት እኔው ነኝ! ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚባለው ለእኔ ነው። አባዬ፣ ዓይንህ ደህና ነው፣ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዓይኑን ግን ለማንኛውም አሳየዋለሁ። ለሐሙስ አስመዘገብኩት። ቢኒን ሰኞ እመጣለሁ አልኩት።

እሑድ፣ ጥቅምት 16። ከቀኑ 8 ሰዓት

መስታወቱን መልሼ አበራሁት። ካርዱ ተንቀራፈፈ፣ አውቶብሱ እየተጎተተ ይሄዳል። አባዬ ምን ገዶት! በግራ ስፖኪዮ አየ፣ በቀኝ አየ፣ ከኋላ የመጣውን ጭነት መኪና በእጅ ምልክት አሳለፈው። ሹፌር ፊቱን ብቻ እያየ አይነዳም፣ የኋላውን ያላየ የፊቱን አያገኝም እያለ አስተማረኝ።

ከዚያ ድርግም። ጠፋ።

ካርዱን ልግዛው አልኩት። ተቆጣ። የሽማግሌ መጫወቻ ነው፣ ፍራሽሽን ግዢ፣ ሌሊት ስትገላበጪ እሰማሻለሁ አለ። እኔም ተቆጣሁ። ተኮራርፈን ምሳ በላን፤ ሥጋውን ግን ወደ እኔ በኩል ይገፋዋል። እኔም መልሼ እገፋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18። ማታ 1 ሰዓት

ትናንት ካርዱን ቢኒ አጸዳልኝ። ለጊዜው ይቆያል፣ ግን የስፖኪዮውን ምስል እየሠራ ብዙ አይዘልቅም አለኝ። እንደፈራሁት።

እንግዲህ ወሰንኩ። ይለወጣል። ነገ በምሳ ሰዓት ቢኒ ጋ ሄጄ አዲሱን አመጣለሁ። አባዬ ከጠየቀኝ ለራሴ ጌም ነው እለዋለሁ። አያምነኝም። አይመን። ፍራሹን እገለብጠዋለሁ፤ ያልተኛሁበት ጎን አለው። ቅዳሜ ያን ፌስታል ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያየሁት ሰው ከእኔ ቤት የትም አይሄድም። ይህን በቃል መንገር አልችልበትም። ካርዱ ይንገርልኝ።

ሳሎን መሪው ይንቀጫቀጫል። አውቶብሱን አስነስቷል። ሊነሳ ነው፣ አንድ ሰው የቀረ፣ ረዳቷ የት ገባች እያለ ይጮኻል። ረዳቷ እኔ ነኝ። መጣሁ አባዬ፣ መጣሁ፣ ቆይ...