ለመገኘት የፈረምነው ወረቀት

ውድ እትዬ፣

ጤናሽን ሳልጠይቅ የጀመርኩት ተናድጄ ነው። ሦስት ጊዜ ደወልኩልሽ፤ ሦስቱንም ጊዜ «ስብሰባ ላይ ነኝ» አልሽኝ። እኔ ደግሞ አሁን ስብሰባ የሚባል ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላል።

እስቲ የትምህርት ቤቱን አዳራሽ አስታውሺ። አለቃሽ መሐንዲሱ ካርታውን ዘርግቶ አውራ ጎዳናው ፓርኩን ለሁለት ሰንጥቆ እንደሚያልፍ በጣቱ አሳየን። አንቺ ጥግ ይዘሽ ቃለ ጉባኤ ትጽፊ ነበር። አንድ ሰው እንኳ ደግፎ ተናገረ? ንብ አናቢው አዛውንት ተነስተው «ልጄ፣ በዳር በኩል ብታዞሩት ምን ትሆናላችሁ?» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ስንወጣ የተሰብሳቢዎች መፈረሚያ ቀረበ። አዛውንቱ «እኔ ወረቀት አላምንም» ብለው እምቢ አሉ። እኔ ሞኙ፣ የፓርክ ጠባቂ ተብዬው፣ «ይፈርሙ እንጂ አባባ፣ ብዛታችን ይታይ!» ብዬ ለምኜ ጣታቸውን ቀለም አስነከርኩ። ሌላውንም በር ላይ ቆሜ አስፈረምኩ። ሁለት መቶ አስራ አንድ ሰው።

ትናንት ውሳኔው ቢሯችን ደረሰ። «ሁለት መቶ አስራ አንድ ነዋሪዎች መንገዱን ደግፈው ፈርመዋል» ይላል። ወይ ጉድ! ያው ወረቀት ነው፤ ከላይ ርዕስ ጨምረውበታል። የተያያዘው ቃለ ጉባኤ ላይ የአዛውንቱ ንግግር የለም፤ ጭብጨባው ግን «በሙሉ ድጋፍ» ተብሎ ገብቷል። ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽና የማን እጅ ጽሑፍ እንደሆነ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም።

አዛውንቱ ሲሰሙ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ብለውኝ ፊታቸውን አዞሩ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

«አለቃ ካዘዘኝ ምን ላድርግ? ልጆች አሉኝ» እንደምትይ አውቃለሁ። እናታችን ከሞተች በኋላ እኔንም ያሳደግሽኝ በዚሁ ሥራ ነው፤ አልረሳሁም። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ የቀደድኩትም ለዚያ ነው። ግን እትዬ፣ አጋዘኖቹ ውኃ የሚወርዱበትን ቦታ አዝለሽ ወስደሽ ያሳየሽኝ አንቺ አይደለሽም? ድልድዩ የሚቆመው እኮ እዚያው ላይ ነው! እንዴት እጅሽ እሺ አለሽ?

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ይህንን ወረቀት የሚያስለቅቀው የጻፈችው ሰው ቃል ብቻ ነው። በውሳኔው ላይ ለፍርድ ቤት ያቀረብነው አቤቱታ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይሰማል። ነይና «በስብሰባው የተባለው እንዲህ አልነበረም» በይ። ቢያባርሩሽ ቤቴ ቤትሽ ነው፣ ልጆችሽም ልጆቼ ናቸው፤ የምለው ከልቤ ነው።

ከቀረሽ ግን ዳኛው «ይህን የጻፈው ማን ነው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። እኔም ከፊታቸው ቆሜ «እህቴ ናት» እላለሁ።

አንቺ ያሳደግሽው፣
ወንድምሽ